የይርገዱ የሽንት ደብተር

አውቶቡሱ ከአምባ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ብዙ ሳይርቅ ይርገዱ ሁለት ጊዜ አስቆመችው። በመጀመሪያው ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቃት። በሁለተኛው ግን ረዳቱ በሩን እየከፈተ፣ ይቺ ልጅ ጣናን ጠጥታ ነው እንዴ የተሳፈረችው ብሎ ሰዉን አሳቀ። እናቷ እንኳየሁ አልሳቀችም። ልጇን በነጠላዋ ከልላ ቆማ፣ የሽንቱን ድምፅ እየሰማች፣ መቼ እንደሚያበቃ ትጠብቅ ነበር። ተመልሰው ሲቀመጡ ይርገዱ የውሃ ጀሪካኗን አንሥታ እስኪያልቅ ጠጣች፤ ከዚያም ከንፈሯን ላሰች።

እንኳየሁ ከመቀነቷ ሥር የሸጎጠችውን ደብተር ዳሰሰችው። አወጣችው፣ መልሳ ሸጎጠችው፣ እንደገና አወጣችው። ከሁለት ወር ወዲህ በየማለዳው እዚያ ላይ የተጻፈው ቃል አንድ ነው፤ ሰማያዊ ይላል። ሰማያዊ ማለት ሽንቱ ውስጥ ስኳር የለም ማለት ነው። ሽንቱ ውስጥ ስኳር የሌለባት ልጅ ደግሞ እንዲህ አይጠማትም። ይህን ከእንኳየሁ በላይ የሚያውቅ ሰው በአውቶቡሱ ውስጥ አልነበረም። ቃሉን የጻፈችውም እሷው ራሷ ናት።

ይርገዱ የታመመችው በሰባ ሰባት ክረምት፣ አሥራ ሦስት ዓመቷን በያዘች ሰሞን ነው። አባቷ ታከለ ከሚሊሻው ጋር ወደ ሰሜን ከዘመተ ዓመት ሆኖት ነበር። ልጅቷ እየበላች ከሳች፣ እየጠጣች ደረቀች። ሁለት ሳምንት ጠበል ቆይታ ራሷን ስትስት ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ አደረሳት፤ ከዚያ ጎንደር ሆስፒታል ገባች። ስኳር በሽታ ነው ሲሏት እንኳየሁ፣ ስኳር በዓመት በዓል እንኳ በማይገባበት ቤት የስኳር በሽታ በየት በኩል ገባ ብላ ጠየቀች። ከአልጋው ግርጌ የቆመው ከሕክምና ኮሌጁ የመጣ ሰው፣ ዶክተር ሀብተሥላሴ፣ ቀና ብሎ አያት። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው አላት።

ዶክተሩ ጥናት ላይ ነበር። ገብስና ባቄላ በልተው የሚያድጉ የደጋ ልጆች ለምን በዚህ በሽታ እንደሚያዙ ማወቅ ይፈልጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያና መድኃኒት ብቻ እንዳልሆነ፣ በየወሩ ሳይቀር የሚመለስ በሽተኛና ቤት ውስጥ የሚሆነውን በየቀኑ የሚጽፍለት ሰው ጭምር እንደሚፈልግ ነገራቸው። ላቦራቶሪው የአንድ ቀኑን ይነግረኛል፣ የቀረውን ሃያ ዘጠኝ ቀን የምታውቁት እናንተ ናችሁ አለ። መጻፍ የሚችል ማን ነው ሲል እንኳየሁ እጇን አወጣች። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቷን ከተቀበለች ገና ሦስት ወሯ ነበር፤ ስሟን ስትጽፍ አሁንም ምላሷ ይወጣል።

ሲስተር እጅጋየሁ አሠራሩን አሳየቻት። ከሰማያዊው ፈሳሽ ጥቂት በቀጭኗ ብልቃጥ ይደረጋል፣ ስምንት ጠብታ ሽንት ይጨመርበታል፣ ብልቃጧ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ትቆማለች። ቀለሙ ካልተለወጠ ሸጋ ነው። ስኳር ካለበት አረንጓዴ፣ ሲብስ ቢጫ፣ እጅግ ሲበዛ ቀይ ሸክላ ይመስላል። ስኳሩን የሚያወርደውን የኢንሱሊን መርፌም ራሷ መውጋት ተማረች። የመድኃኒቱን ጠርሙስ እርጥብ አሸዋ በሞላው ገንቦ ውስጥ ቀብራ፣ ዶሮ እንዳይነካው ድንጋይ ትጭንበታለች።

በመጀመሪያው ወር ያየችውን ጻፈች። ብዙው ቀይ ነበር። ዶክተሩ ደብተሩን ሲመልስላት ቀይ የተባሉትን ቀናት ሁሉ በእስክሪብቶ ከብቧቸው ነበር። በቃሉ አልተቆጣትም፤ የሚመጣውን ወር እንይ ነው ያለው። እሷ ግን ክቦቹን አይታ ፊቷ ጋለ። መሠረተ ትምህርት ላይ የሚከበበው የተሳሳቱት ነው።

በተከታዩ ወር ለመንገድ የይለፍ ወረቀት ልታስፈርም ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ከአያ ላቀው ዘንድ ሄደች። አያ ላቀው ማኅተሙን በትንፋሹ እያሞቀ ደብተሩን ተቀብሎ ገለጠው።

«ምነው እንኳየሁ፣ ይኼን ይዘሽ ነው ከመንግሥት ሐኪም ፊት የምትቆሚው?» አላት። «ሪፖርት እንዲህ አይጻፍም። እኔ በማኅበራችን ፊደል ያልቆጠረ ሰው የለም ብዬ ጽፌ ሰደድሁ። የኔዋ ሚስት ሀን ከለ ትለያለች?»

እንኳየሁ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። ምርታችን አነሰ ብሎ ሪፖርት ያደረገው የጎረቤት ማኅበር ማዳበሪያ መከልከሉን አስታወሳት። መድኃኒቱም የመንግሥት፣ ማዳበሪያውም የመንግሥት።

ቤቷ ገብታ ላጲስ ፈለገች። ላጲስ ስለሌላት የወሩን ገጾች ቀድዳ በአዲስ ገጽ ላይ ሁሉንም ሰማያዊ ብላ ጻፈች። ፊደሉ ከወትሮው አምሮ ወጣላት።

ዶክተሩ ሲያነበው ፊቱ በራ። የዚያን ዕለት ሆስፒታሉ የመረመረው ሽንት ቀይ ሆኖ ቢገኝም፣ መንገድ ላይ ሻይ ጠጥታ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ፤ እንኳየሁ አዎ አለች። አንዳንዱ ልጅ ላይ በሽታው ለጊዜው ጋብ ይላል፣ ይህች ልጅ ለጥናቴ ትልቅ ነገር ናት አለና የመርፌውን መጠን ከሃያ ዩኒት ወደ አሥራ አራት አወረደው። እንኳየሁ፣ እሱ የተማረ ነው፣ እኔ የማላውቀውን ቢያውቅ ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሠላሳ ማለዳዎች ግን ብልቃጧ ስትቀላ እያየች፣ እጇ ሌላ ሲጽፍ፣ አንድ ቀን እንኳ ቁርስ ጣፍጧት አያውቅም።

አውቶቡሱ ፒያሳ ሲደርስ ይርገዱን ደግፋ አወረደቻት። ዳገቱን አራት ጊዜ ቆመው ወጡት።

ሲስተር እጅጋየሁ ልጅቷን መዘነቻት። አራት ኪሎ ጎድላለች። ሽንቷም ቀይ ሆነ። ዶክተር ሀብተሥላሴ ውጤቱን በአንድ እጁ፣ ደብተሩን በሌላው ይዞ ቆየ። ይርገዱን ውሃ ይጠማሻል ወይ አላት። ልጅቷ እናቷን አየች። እናቷ መሬት አየች።

ዶክተሩ ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ ድምፅ አውጥቶ ያስብ ጀመር። ሠላሳ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ። ከሁሉ ደብተር የሚያምነው ይህንን ነው። ደብተሩ ባይኖር መርፌውን ይጨምርላት ነበር፤ ሽንቷ ንጹሕ ሆኖ ከጨመረላት ግን ስኳሯ ወርዶ ራሷን ትስታለች። ስለዚህ ክሳቱ ከሌላ ነው፣ ምናልባት ከሳንባ። ራጅ ትነሣ፣ አክታዋ ይመርመር፣ በሳምንቱ ተመለሱ፤ እስከዚያ መርፌው ባለበት ይቆይ አለና መጻፍ ጀመረ።

እንኳየሁ ይርገዱን አየቻት። አግዳሚው ላይ ጋደል ብላ፣ ትንፋሿ እየረዘመ፣ አፏ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ቃሬዛ ላይ በነበረችበት ቀን የሸተታትም ይኸው ነው። ሳምንት የሚባል ነገር የላትም።

«ዶክተር፣ ደብተሩ ውሸት ነው» አለች።

እሱ መጻፉን አላቆመም። ጠጋ ብላ እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ሁሉም ቀይ ነበር። ሰማያዊ ያልሁት እኔ ነኝ። እሷን እንዳይቀጡብኝ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለምን?»

ደብተሩን ከፊቱ ወስዳ የመጀመሪያውን ወር ገለጠችና ክቦቹን አሳየችው። ስለ መሠረተ ትምህርቱ ነገረችው፤ ስለ ማዳበሪያውም ነገረችው፤ የአያ ላቀውን ስም ግን አልጠራችም። ዶክተሩ የራሱን ክቦች እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ ትክ ብሎ አያቸው።

«እኔ የከበብሁት ሕመሟን ነበር፣ እንኳየሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ያንቺን ስሕተት አልነበረም።» ከዚያ ተነሥቶ ሲስተር እጅጋየሁን ጠራ፤ ግሉኮስ የሌለበት ውሃ በደም ሥር እንዲገባ፣ መርፌው አሁኑኑ እንዲሰጥ፣ አልጋ እንዲፈለግ አዘዘ። ድምፁ ውስጥ የነበረው ቁጣ ወደ ማን እንደሆነ ለእንኳየሁ አልገባትም።

ይርገዱ አልጋ ያዘች። እንኳየሁ ከአልጋው ራስጌ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ራስጌው ስትመላለስ ሲስተሯ፣ እባክሽ ተቀመጪ፣ እኔን አዞርሽኝ አለቻት። ተቀመጠች፤ ወዲያው ተነሣች።

እኩለ ቀን ላይ ዶክተሩ ሌሎች በሽተኞች ሞልተው ያስረከቧቸውን አርባ የሚሆኑ ደብተሮች ታቅፎ መጣ። መስኮቱ ላይ ደርድሮ አንዱን ከሌላው እያነሣ ገለጠላት። እሷም አነበበች። ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ። አንዱ ሰውዬ የወደፊቱን ሳምንት ሁሉ አስቀድሞ ጽፎታል። የዶክተሩ የስድስት ወር ሥራ ነበር። እውነተኛውንና ሐሰተኛውን አሁን መለየት አልችልም አላት። ውጭ አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት ማን በልኩ መርፌ እንደሚወስድ፣ ማን እንደ ይርገዱ እየተጎዳ እንደሆነም አያውቅም።

«እኔ ብጠይቃቸው አይነግሩኝም» አለ። «አንቺ ብትነግሪያቸው?»

ልጇን ትታ መሄድ አልፈለገችም። ደግሞ ከሰው ፊት ቆሞ ዋሸሁ ማለት፣ ከዚያም ወሬው አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ፣ የይለፍ ወረቀት ሲያስፈልጋት... በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። የይርገዱን እግር ነካች፤ ትንሽ ሞቋል። ከዚያ ወጣች።

አግዳሚው ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ነጠላዋን አጣፍታ ማን እንደሆነች፣ ምን ብላ እንደጻፈችና ልጇ አሁን የት እንደተኛች ነገረቻቸው። አንዲት ሴት ደብተሯን ወደ ብብቷ ሸሸገች። ከኮላ ድባ የመጡ አያ ገብረ ሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኔን የሚጽፍልኝ የልጄ ባል ነው» አሉ። «ቢጫ በለው ስለው ሰማያዊ ይሻላል አለኝ። አሁን ብናገር፣ ልጄ፣ መድኃኒቱን አይነፍጉኝም?»

እንኳየሁ እርግጡን አታውቅም ነበር። አይነፍጉም ማለት አማራት፤ ሌላ ውሸት እንዳይሆንባት ፈራች።

«ነገ የሚያደርጉትን አላውቅም፣ አያ ገብረ ሚካኤል» አለች። «ዛሬ ግን ከነገርኋቸው በኋላ ለልጄ ጨመሩላት እንጂ አልቀነሱባትም።»

ሽማግሌው ለዶክተሩ ሊነግሩ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ሴትዮዋ ግን ደብተሯን ከብብቷ አላወጣችም። እንኳየሁ ከአጠገቧ ልትቀመጥና ልታነጋግራት ጎንበስ ስትል ሲስተር እጅጋየሁ ከክፍሉ ብቅ ብላ ጠቀሰቻት፤ ይርገዱ ነቅታለች፣ ርቦኛል እያለች ነው። እንኳየሁ ሮጠች። ደጃፉ ላይ ቆም አለችና ወደ ሴትዮዋ ዞራ፣ አንቺም ልትነግሪው ትመጫለሽ አይደል አለቻት። ሴትዮዋ ወዲያ ማዶ ታይ ነበር።