ደረሰኙ አናት ላይ ያለው ስም

የአባቷ የመቃብር አፈር ሳይደርቅ አጎቷ ደወለላት። ለማጽናናት አልነበረም። «ልጄ፣ ያ ኮምፒውተር እምቢ አለን። ደንበኛው ተሰልፎ ይሳደባል። ቶሎ ነይ» አላት።

የመኪና መለዋወጫ ሱቁ የአባቷ ነበር። አባቷ ዓይኑን ሲጨፍን ታናሽ ወንድሙ «ሱቅ በሴት አይያዝም» ብሎ ቁልፉን ከእናቷ እጅ ወሰደ። የሽያጭ ሶፍትዌሩን የጫነችው ግን እሷ ነበረች፤ እንጀራዋም ይኸው ሙያ ነው።

እናቷ በር ላይ ቆማ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። ቁልፋችንን የቀማ ሰው ጠራኝ ብለሽ ትሮጫለሽ?» አለቻት።

«ሠራተኞቹ ምን በደሉ፣ እማዬ?» ብላ ወጣች።

ስትደርስ የአጎቷ አማች ላቡን እየጠረገ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጧል።

«ምን ነክተህ ነው?»

«ምንም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ደረሰኙ አናት ላይ ያለውን ስም ልቀይር ብዬ ነበር።»

የማን ስም እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

አማቹ መጀመሪያ ፕሮግራሙ ከተጫነበት ፎልደር ውስጥ ያገኘውን፣ ስሙ የተጻፈበትን የቅንብር ፋይል ቀየረ፤ ደረሰኙ ግን የድሮውን ስም ማተሙን ቀጠለ። ያ ፋይል ለናሙና የተቀመጠ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያነበው ሌላ ቦታ ያለውን ነው። ያንን ፈልጎ ሲያገኘው ደግሞ ቅጂ ሳያስቀር ገባበት። ስሙን ሲሰርዝ ከከበቡት የጥቅስ ምልክቶች አንዱን አብሮ ሰረዘና ፕሮግራሙ አልነሳ አለ።

እሷ የተበላሸውን ፋይል እንዳለ ቀድታ በሌላ ስም አስቀመጠች። ከዚያ መስመር በመስመር ወርዳ የጎደለውን ምልክት መለሰች፤ የአባቷንም ስም መልሳ ጻፈች። ፕሮግራሙ ተነሳ። ማተሚያው እየተንጫጫ የአባቷን ስም አወጣ። የዕቃ ክፍሉ ሽማግሌ «እጅሽ ይባረክ» አሉ።

«በርቺ! አሁን ደግሞ የኔን አግቢልኝ» አለ አጎቷ፣ ሻይ እንደሚያዝ ሰው።

«ጋሼ፣ አባዬ እኮ ገና...»

«የሞተ ሞቷል ልጄ፤ ሱቅ የሚቆመው በቆመ ሰው ነው። እምቢ ካልሽ አማቼ ይሞክራል። ካበላሸው እዘጋዋለሁ፤ ሠራተኞቹም ወደየቤታቸው።»

ሠራተኞቹን አየቻቸው። መሬት መሬት ያያሉ።

የዳነውን ፋይል ቀዳች፣ ከፈተች። ስሙን በአንድ ጊዜ ማጥፋት ስትችል ፊደል በፊደል አጠፋችው፤ የጥቅስ ምልክቶቹን ሳትነካ የአጎቷን ስም በመሃላቸው ጻፈች። አስቀመጠች፣ አተመች።

አጎቷ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አንስቶ አየውና «ፊደሉ ትንሽ አነሰ» አለ።

አተለቀችለት።

«በይ የቀዳሻቸውንም ቅጂዎች አጥፊ። ነገ ተሳስቶ ሙት እንዳይነሳብን!» ብሎ ሳቀ። አማቹም አብሮት ሳቀ።

«ያለ ቅጂ ትቼው አልሄድም» አለች።

እየተናደደችም እጇ የለመደውን ሠራ፤ የአጎቷ ስም ያለበትን ፋይል ቀድታ በደንብ አስቀመጠች፣ የአባቷ ስም ያለበትን አጠፋች። የትኛውም ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ንጹሕ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

ቤት ስትገባ እናቷ «ተሠራ?» አለቻት።

«ተሠራ።»

«ስሙስ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እማዬ። እነሱማ አቅቷቸው ነበር።»

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።