ከበረንዳ ያላለፈው ጃኬት

«ጃኬቱስ? ከሚስማሩ ላይ ማን አነሳው?»

የሐዘንተኛዋ ታላቅ እህት እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንደያዘች ከበረንዳው ብቅ ብላ ጠየቀች። የእህቷ ባል ከተቀበረ ጀምሮ እጥበት ላይ ናት። እሷ ስታዝን ታጥባለች፤ ሌላ አታውቅም። አንሶላውን፣ ሸሚዞቹን፣ ፒጃማውን፣ ኮፍያውን ሳይቀር ፈትጋ ገመድ ላይ አስጥታዋለች።

«እኔ እንጃ» አለች ሐዘንተኛዋ።

ውሸቷን ነው። ጃኬቱ ጥቅልል ብሎ ከአልጋዋ ፍራሽ ስር ተሸጉጧል። ከዚያ ቤት የባሏ ሽታ የቀረበት ጨርቅ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ከታጠበ አለቀ። ደግሞ ሽታውን ብትሉት! ላብ፣ ድርቆሽ፣ የበሰበሰ ሙዝና የጦጣ ሽንት። ስንት ዓመት ከደጇ አላስገባም ያለችውን ሽታ አሁን አፍንጫዋን ቀብራበት ታድራለች። ሰው መቼም ጉድ ነው።

ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቷል። ሻይ ይዞራል፣ ወሬም በሹክሹክታ ይዞራል።

«ደህና ሰው ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ግን ትንሽ ነካ አላደረገውም?»

«ምነው?»

«ከጦጣ ጋር ነበራ የሚውለው! ያውም በነፃ!»

ሐዘንተኛዋ ሰምታለች። እሷ ራሷም ከዚህ የባሰ ብላዋለች።

ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ቤት መዋል አልሆነለትም። ወጥ ቤት እየገባ «እሳቱን ቀንሺ፣ ክዳኑን ግለጪ» ሲላት፣ «ኧረ በፈጠረህ ውጣልኝ! የምትሠራው ፈልግ!» ብላ ያባረረችው እሷው ናት። ታዲያ ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ወደ አራዊት ማቆያ ሄዶ የእንስሳቱን ቤት ሊጠርግና ሊመግባቸው በፈቃደኝነት ገብቶ መጣ።

«ስንት ይከፍሉሃል?»

«ምንም።»

«ጉድ ፈላ! ቤትህን ጥረግ ስትባል ወገቤን ትላለህ፣ የጦጣ ቤት ግን በነፃ!»

«ጦጣዎቹ አይጨቀጭቁም» አላት፤ ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጉ ወጣ። «እዚያው በረንዳ ላይ አውልቅ! በዚያ ጃኬት አንድ እግርህ እንዳይገባ!» ሚስማሩን ራሷ መታችለት። እሱም ማታ ማታ ጃኬቱን እየሰቀለ፣ «ጉምሩክ፣ ዛሬስ ምን ትወርሻለሽ?» ይላታል። ሳይፈተሽ የሚያልፍ ነገር የለማ! ጉምሩክ ስሟ ሆኖ ቀረ። በቁጣ ትጀምርና በሳቅ ትጨርሳለች።

አንድ ጊዜ ታዲያ አንገፈገፋትና ጃኬቱን ዘፍዝፋ ልቅም አድርጋ አጠበችው። ያንን ለብሶ የሄደ ዕለት ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። ቀልድም የለ።

«እናቷ የሞተችባት የጦጣ ግልገል አለች» አለ ደረጃው ላይ ተቀምጦ። «እዚህ ደረቴ ውስጥ ነው የምትተኛው። ዛሬ አላወቀችኝም። ጡጦውን እንቢ ብላ ስታለቅስ ዋለች።»

«ታዲያ እኔ ምን አውቄ?»

«አልተቆጣሁሽም። ብቻ ሁለተኛ ውሃ እንዳታስነኪው።»

ከዚያ ወዲህ አላስነካችውም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጎልማሳ ቦት ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ገባ። የአራዊት ማቆያው ጠባቂ ነው። «ጋሼ እዚህ ቤት በጫማ አይገባም ብለውናል» ሲል ሐዘኑ ላይ የነበሩት ፈገግ አሉ። አጠገቧ ተቀመጠ፤ ሻዩን ተቀብሎ ሳይጠጣ አስቀመጠው።

«እትዬ፣ በዚህ ሰዓት የሚጠየቅ አልነበረም። ቸግሮኝ ነው። ያ ጃኬታቸው ይኖራል?»

ዓይኗ ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄደ።

«ትንሿ ምግብ አቁማለች። ብርድ ልብስ ሰጠናት፣ የራሴን ሹራብ ሰጠኋት፤ ትወረውረዋለች። ሐኪሙ አፏን ይዞ ወተት ቢያንቆረቁርላትም ትተፋዋለች። እንዲህ ከቀጠለች አትተርፍም። የሳቸው ሽታ ያለበት ነገር ቢገኝ ብዬ ነው።»

«ታጥቧል» አለች፤ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«እንዴ! መቼ ታጠ—» አለች እህቷ። የሐዘንተኛዋን ዓይን አየችና አፏን ዘጋች።

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ታጠበ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እሷም ታውቃለች፤ የሚያንገበግባትም እሱ ነው። መስጠት ግን አቃታት። እሷስ ምን ቀራት?

«በቃ፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ተነሳ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ትንሿን ጉምሩክ ሳያት አላስችል ብሎኝ ነው።»

«ማን አልከኝ?»

ሰውየው አፈረ። «ስሟ ነው። ጋሼ ናቸው ያወጡላት። ኪስ ሳትፈትሽ ሰው አታሳልፍማ። ‹ትልቋ ጉምሩክ ከቤት ባታባርረኝ ትንሿን የት አገኛት ነበር› እያሉ ይስቁ ነበር። ስለ እርስዎ ሳያወሩ የዋሉበት ቀን አልነበረም።»

መጀመሪያ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ከቀብሩ ጀምሮ አልወጣ ብሏት የነበረው ልቅሶ ፈነዳ። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ በመዳፏ ፊቷን ጠረገች።

«ቆይ፣ እንዳትሄድ።»

መኝታ ቤት ገብታ ፍራሹን አነሳች። ፊቷን ጃኬቱ ውስጥ ቀብራ በረጅሙ ሳበች፤ አንዴ፣ ደግማ። ከዚያ ከሹራቧ ላይ ደርባ ለበሰችውና ወጣች።

«ኧረ አንቺ! ይህን ሁሉ ሰው ጥለሽ ወዴት?» አለች እህቷ።

«መጣሁ።»

ጠባቂው ወደ አራዊት ማቆያው ወሰዳት። ግልገሏ ከእፍኝ አትበልጥም። ጥግ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ኩርምት ብላለች። በሩ ሲከፈት አልዞረችም። ሐዘንተኛዋ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ቆይቶ አፍንጫዋ እንቅስቅስ አለ፤ ዞረች። ከጃኬቱ ጫፍ ተንጠልጥላ ወጣችና በዚፑ በኩል ሾልካ ደረቷ ውስጥ ገባች። ከውስጥ ደግሞ አንድ ቀጭን እጅ ብቅ ብሎ የቀኙን ኪስ በረበረ፤ ከዚያ የግራውን።

«ፈትሺ፣ ፈትሺ እናቴ» አለች እያለቀሰች። «ምንም የለኝም።»

ጠባቂው ጡጦውን አቀበላት። ግልገሏ ፊቷን አዞረች፣ አሸተተች፣ ቀምሳ ተወችው። በኋላ ግን ይዛው መጥባት ጀመረች።

እንቅልፍ ሲወስዳት ሐዘንተኛዋ ግልገሏ እንዳትነቃ ቀስ ብላ አንዱን እጇን፣ ከዚያ ሌላውን ከጃኬቱ አወጣችና፣ ግልገሏን እንደታቀፈ ድርቆሹ ላይ አስተኛችው።

«ስታድግ እመልስልዎታለሁ» አለ ጠባቂው።

«የሷ ነው። ብቻ ውሃ እንዳታስነኩት።»

እቤት ስትደርስ እህቷ በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። ገና ሳትቀርባት አፍንጫዋን ያዘች።

«እፍ! ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው? ሹራብሽ ነው! በይ እዚሁ በረንዳ ላይ አውልቂው፤ ውሃው ሳይደፋ ልለቅልቀው።»

ባዶውን ሚስማር አየችው። ሹራቧን ደረቷ ላይ ሰብሰብ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችና፣ በእህቷ አጠገብ አልፋ፣ በለቀስተኛው መሃል አልፋ፣ መኝታ ቤት ገባች። አዲስ በታጠበው አንሶላ ላይ፣ ባሏ ይተኛበት በነበረው በኩል፣ ሹራቧን እንደለበሰች ጋደም አለች።