የጥላነሽ ቀጠሮ

«ነገሩ በሽምግልና ይለቅ፤ ለደምለው ነፍስ ስንል» አለ አበባው፣ የንፍሮውን ሳህን ለጎረቤቱ እያሳለፈ።

በደምለው የሐዘን ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ጥላነሽ ዞረ። አበባው ቀደም ብሎ የሞተው ባሏ ወንድም ነው፤ መሬቷን ይዞ አልለቅም ብሏታል። ነገ ጠዋት ወረዳ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አላቸው። ከሳሽ ካልቀረበች መዝገቡ ይዘጋል።

«ደምለው ከሌለ ዳኛ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?» አለች ጥላነሽ፣ ወደ ማሬ ጆሮ ጠጋ ብላ።

ማሬ ባሏን ደምለውን የቀበረችው ትናንት ነው። ደምለው ገበሬ እንጂ ጠበቃ አልነበረም። አጭር ሥልጠና ወስዶ የቀበሌው የሕግ ረዳት ሆነ፤ ደመወዝ አልነበረውም። ዳኛ ፊት ስለ ሰው መናገር አይፈቀድለትም ነበር፤ ባለጉዳዩን ቤቱ አስቀምጦ የሚናገረውን ያስጠናው፣ በቀጠሮው ቀንም ከችሎቱ ኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያዳምጠው ነበር።

አምና ጥላነሽ «የባሌ መሬት» እያለች ስታስረዳው አቋረጣት።

«ማን አረመው? ማን አጨደው?»

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያ ‹መሬቴ› በይ።»

በለሆሳስ አለችው። «አልሰማሁም» አላት። ጮኸች። ውሻው ደንግጦ ጮኸባት፤ ማሬ ጎመን መክተፉን ትታ ሳቀች።

አበባውም ክፉ ሰው አልነበረም። የደምለውን ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ ነው፤ ከልቡ አልቅሷል። መሬቱንም ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ያረሰው እሱ ነው። ቃሉ የከበደው ለዚህ ነው።

«መልካም ሐሳብ ነው» አሉ የማሬ የነፍስ አባት፣ አባ ገዳሙ። «ከሠልስት በኋላ እንቀመጥ።»

«ያኔ መዝገቡ ተዘግቷል፣ አባ። ነገ አብሬያት እሄዳለሁ» አለች ማሬ።

«ሠልስት ሳይወጣ? ሐዘንተኛ ከቤት ይወጣል እንዴ፣ ልጄ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ንፍሮው ካለ እኔ ባልኖርም ይቀመጣል።»

አንድ ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ማሬ ወደ አበባው ዞረች።

«ደምለውን ከወደድከው በስሙ ከችሎት አታስቀራት። አንተም ላብህን ለዳኛው ንገር፤ ይሰማሃል።»

«እቀርባለሁ» አለ አበባው።

ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ባጃጅ ተሳፈሩ። መንገድ ዳር የቆመች ጎረቤት፣ «ኧረ አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ!» አለች።

ማሬ አንገቷን አወጣች። «ከሰዓት እመለሳለሁ፤ ያኔ መጥተሽ አልቅሺ!»

ችሎት ውስጥ ስሟ ሲጠራ ጥላነሽ ተነሣች።

«ከሳሽ እኔ ነኝ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ማሬ ከኋላ አግዳሚው ላይ ሆና ትሰማታለች። ሳታስበው ጠጋ አለችና ከጎኗ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀች።