የሙሉሰው ሚስኮል

ሙሉሰው ለሳኝ ነው። ሀርጌሳ በጦርነት የፈራረሰ ግድግዳዋን መልሳ በምታቆምበት በዚያ ዘመን ሥራ ሞልቶ ተርፎ ነበር፤ እጁም የተባረከ ነው፣ እሱ የለሰነው ግድግዳ ላይ ዝንብ እንኳ ያዳልጣታል። ያ እጅ ታዲያ ሲሚንቶ ላይ እንጂ ኪስ ውስጥ ሲገባ አይፈታም። ቋጣሪ ማለት ለሱ ማቆላመጫ ነው።

ከጭሮ ሲመጣ ስልኩን ካገሩ ሲም ካርድ ጋር ይዞ ተሻገረ። ድንበሩን እንዳለፈ ስልኩ ሮሚንግ ገባ፤ ሲደውል ሂሳብ ይቆረጥበታል፣ ተደውሎለት ሲያነሳም ይቆረጥበታል። ሰው ደውሎልህ አንተ የምትከፍልበት ጉድ! ይህን የሰማ ዕለት እህል አልበላም ይባላል፤ እርግጥ ነው፣ እራትም ያስከፍላል። 26 ጁን ሰፈር አብሮት የሚኖረው የድሬዳዋው ልጅ ከሊል፣ የሀርጌሳ ሲም እንዲገዛ መከረው፤ እዚህ አገር ስልክ ከውሃ ይረክሳል አለው። ሙሉሰው ግን የረከሰ ማለት የነጻ ማለት አይደለም ብሎ ዘጋው።

ከዚያ መላ ዘየደ። ፈጠነ የሚባል ሾፌር አለ፤ ከበርበራ ወደብ እየጫነ በሀርጌሳ በኩል ወደ አገር ቤት የሚመላለስ። ጭሮ ሲደርስ እናቱን ብርቅነሽን እንዲያስጠናለት በሱ ላከባት። ስልኩ ቢጮህ እንዳታነሳ፤ ጩኸቱ «ደህና» ማለት ነው። እሷም መልሳ አስጩሃ ትዝጋ፤ እሱም «ደህና» ማለት ነው። ብርቅነሽ ፊደል ባትቆጥርም ነገር አይከብዳትም፣ ባንድ ጊዜ ገባት።

እናትና ልጅ ዓመት አልፏቸው እንዲህ ኖሩ፣ ቃል ሳይተነፍሱ፣ በሚስኮል። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ባለው የራሄል ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ ስልኩ አንዴ ጮሆ ሲዘጋ፣ ሙሉሰው ለተመጋቢው ሁሉ ከፍ አድርጎ ያሳያል። እናቴ ናት፣ ደህና ናት፣ ታዲያ አምስት ሳንቲም ከፈልኩ? እያለ ይኩራራል። ራሄል ሳህን እያነሳች፣ እናትህ ድምፅህን ሳትረሳው አትቀርም ብላ ጎሸም አደረገችው። ከት ብሎ ሳቀ። ዝም አይነቅዝም ሲል መለሰላት።

አንድ ሰሞን ታዲያ የእናቱ ስልክ ጠባዩ ተለወጠ። ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ አይዘጋም። ደክሞት ሲያበቃ እንደገና ይጀምራል። ጣራ ስር መሰላል ላይ ቆሞ ሲለስን ይጮሃል፣ ሲበላ ይጮሃል። ከሊል አንሳው እንጂ ቢለው፣ ሙሉሰው ወይ ፍንክች። ዛሬስ በጣም ደህና ናት ማለት ነው ብሎ ቀለደ። ጩኸቱ አላስቀምጥ ሲለው ግን ደውሎ አንዴ አስጮኸና ዘጋ። ደህና። ስልኩም ጸጥ አለ።

ጸጥታው ግን አለቅጥ ረዘመ። እሱ ያስጮሃል፣ ከዚያ ወገን መልስ የለም። እውነቱን ለመናገር ፈራ። ሲለስን ስልኩን እያወጣ ያየዋል፣ መልሶ ይከተዋል። ደውሎ አንሺ ብሎ ማናገርማ ይችል ነበር። ነገር ግን ደህና ሆና ካነሳች ብሩ በከንቱ ሄደ ማለት አይደል? እንዲህ ያለውን ሂሳብ የሚያሰላ ጭንቅላት ፈጣሪ ለጠላትም አይስጥ።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ከሊል ከሱብሒ ሶላት ሲመለስ ብቻውን አልነበረም። ከኋላው ፈጠነ ኮፍያውን በእጁ ይዞ አንገቱን ደፍቷል። ከፈጠነ ኋላ ራሄል ነበረች። መንገድ ላይ ራስ መሸፈን ግድ ነውና ያገኘችውን ነጠላ በጥድፊያ ጣል አድርጋው ኖሮ፣ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ አንገቷ ላይ አርፏል፤ ሐዘን የገባው ሰው ዘቅዝቆ እንደሚለብሰው። እሷ ልብ አላለችውም። ሙሉሰው ግን ከጥለቱ በቀር ያየው ነገር የለም። ደግሞስ መርዶ ነጋሪ ካልሆነ በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ የሰው ቤት የሚመጣ ማን ነው?

ከሊል እስቲ ቁጭ በል አለው። ቁጭ አላለም፤ ወደቀ። እናቴን፣ ሳላናግርሽ፣ ለሮሚንግ ብዬ፣ እያለ ደረቱን ይደቃው ጀመር። ጎረቤቲቱ ሻምሶ በቆርቆሮው አጥር ላይ ብቅ ብላ ኢና ሊላሂ አለች።

የመጡት ሦስቱ ተያዩ። የመጡበት ነገር አፍ የሚያሲዝ ነበር፤ ማን ይጀምር እየተባባሉ ነው መንገዱን የጨረሱት። አሁን ቀድሞ ከሌላ ሰው የሰማ መሰላቸው። ራሄል በሆዷ ተመስገን አለች። ፈጠነ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ትከሻውን ያዘው።

«አይዞህ ሙሌ። ብቻዋን ከምትሆን ይሻላታል። ሰውየውም ደግ ሰው ነው።»

ሙሉሰው ደረቱን መምታቱን ተወ። «የትኛው ሰውየ?»

«ባለወፍጮው ነዋ። እሁድ ተጋቡ እኮ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለወፍጮው ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል፤ ብርቅነሽም መበለት ናት። ሽማግሌ ላከባት። እሷ ደግሞ ልጄ ሳይፈቅድ አይሆንም አለች። ደወለች፣ ደወለች፣ ልጅ አያነሳም። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ እንደተቀመጡ ስልኩ አንዴ ጮሆ ተዘጋ። ይኸው፣ ልጄ ደህና ነው ብሏል አለች። ደህና ነኝ ይሁን ደህና ነው በጩኸት ማን ይለየዋል? ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ፍሪዳ ወደቀ፣ ፈጠነም መንገደኛ ሆኖ ደርሶ እስኪጠግብ በላ። ከዚያ ወዲያማ ሴትዮዋ ሙሽራ ናት፤ ሙሽራ ስልክ ማስጮህ የት ትዝ ይላታል? ልጄ ስለፈቀደልኝ አመስግንልኝ ብላ ነው ፈጠነን የላከችው። የሚስኮሉን ፍቺ የሚያውቀው ፈጠነ ግን ብቻውን መንገር ፈርቶ፣ ሌሊት ሀርጌሳ እንደገባ ከሊልንና ራሄልን አስከተለ።

እናቱን በሚስኮል የዳረ ሰው ሙሉሰው ነው። የሟች አባቱ ፊት ድቅን አለበትና ደሙ ፈላ። ወዲያው ደግሞ በሕይወት መኖሯ ትዝ አለውና አለቀሰ፣ እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲል ከሊል አጉረመረመ። ርካሹን የሀርጌሳ ስልኩንም ዘረጋለት። ሙሉሰው አላየውም። የራሱን ስልክ አውጥቶ፣ በዚያው በሮሚንጉ፣ ደወለ። ራሄል ያየችውን ማመን አቅቷት አፏን በመዳፏ ያዘች።

ጮኸ፣ አልተነሳም። ምን ብላ ታንሳው? ደህና መስሏት ነዋ። እንደገና ደወለ። ከዚያ ማዶ አንዴ አስጩሃ ዘጋችበት፤ እሷም ደህና ናት። ሙሉሰው አንሺው እንጂ እያለ ስልኩን ተቆጣው፣ ደጋግሞ ደወለ። በመጨረሻ ተነሳ።

«ሙሉሰው» አለች፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማ።»

«አትደብቀኝ ልጄ። አንተ ለደህና ነገር አትደውልም።»

ማለ፣ ተገዘተ። አልሰማ ስትለው ያለውን ሁሉ ዘከዘከላት፤ ጎህ ሲቀድ መጡብኝ፣ የሞትሽ መሰለኝ፣ አለቀስኩ አላት። ብርቅነሽ ዝም አለች። እሱም ዝም አለ። ሮሚንጉ ዝም ያለውንም ይቆጥራል፤ ሙሉሰው ግን ስልኩን ከጆሮው አላነሳም። ትንፋሿን ነበር የሚሰማው፣ ያን ሲተኛ ሲነሳ አብሮት ያደገውን የእናቱን ትንፋሽ።

«የሞትኩ መስሎህ ነው ይህን ሁሉ የከፈልክ?»

«አዎ።»

«እንግዲያማ» አለችው ብርቅነሽ፣ «በየወሩ እሞትልሃለሁ።»