በአትላሱ ጀርባ የተለጠፈው ካርድ

የጥረዛውን ቤት ሕግ ያቆሙት ሦስት ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያው አባ መርፌ ናቸው፤ ሲከፈት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የማይተኛ መጽሐፍ ከእጃቸው አይወጣም ነበር። ሁለተኛው ባለሰሙ ናቸው፤ በሰም ያልታሸ ክር ወረቀት ሲነካ ካዩ የዚያን ቀን ምሳ አይቀምሱም። ሦስተኛው አለቃ ቀጥ በል ሁለት ቃል ትተው አለፉ፤ «ወረቀት አይጣልም» እና «የሰፋኸውን አንተው ፍታው»። ስለዚህ በዚያ ቤት ያገለገለ ወረቀት ሁሉ እየተቆረጠ በመጽሐፍ ጀርባ፣ ከቆዳው ሥር ይለጠፋል፤ ጀርባን ያጠነክራልና። ተቀዶ የተመለሰም መጽሐፍ ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ የጠረዘው እጅ ራሱ ይፈታዋል።

ከእነዚያ ሰዎች እግር ሥር ተምረው በቤቱ የቀሩት ጋሽ ስፌት ብቻ ነበሩ። ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ስለ ሩቅ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ሲጠርዙ ኖረው፣ ራሳቸው ከከተማቸው ወጥተው አድረው አያውቁም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አንድ ትልቅ አትላስ እንደ ሕፃን ታቅፋ ገባች።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ገደሉት» አለች።

«ሃያ ዓመት ከልጅ ጋር የታገለ መጽሐፍ ሞተ አይባልም፤ ደከመው እንጂ» አሉ ጋሽ ስፌት።

ከእርሳቸው ሥር ሙያውን የተማረው የእህታቸው ልጅ ከማዶ ጠረጴዛ ብድግ ብሎ «አምጪው፣ እኔ ልፍታው» ቢል፣ ጋሽ ስፌት መዳፋቸውን በአትላሱ ላይ ጫኑ። «የእኔ ስፌት ነው» አሉ። የጠበቁት ሕጉን ብቻ አልነበረም። በዚያ ጀርባ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቁ ነበር።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አብሯቸው የሚሠራ አንድ ጠራዥ ነበር፤ ወንበር ላይ ሩብ ሰዓት መርጋት ስለማይሆንለት «እግሬ አውጪኝ» ይሉታል። ከጋሽ ስፌት ጋር ባሕር ሊያዩ ተማምለው ቲኬት ቈረጡ። በመንገዱ ዕለት ግን ጋሽ ስፌት አውቶቡስ ተራ ደርሰው ከአንድ ምሰሶ ጀርባ ቆመው ቀሩ። «ማን ነኝና? የሰው አገር ቋንቋ አላውቅ፣ ከመርፌ ሌላ ሙያ የለኝ» የሚል ሐሳብ ጉልበታቸውን ያዘው። እግሬ አውጪኝ አንገቱን እያሰገገ ሲፈልጋቸው፣ በመጨረሻም አውቶቡሱ ሲነሣ በዓይናቸው አዩ። በማግሥቱ «አስቸኳይ ሥራ ያዘኝ» ብለው ለጠየቃቸው ሁሉ ተናገሩ። ውሸቱም እንደ ጥሩ ሙጫ ደርቆ ያዘ።

ከዚያ እግሬ አውጪኝ ከባሕሩ ዳር የሚልካቸው የፖስታ ካርዶች ይመጡ ጀመር። ሦስቱን አነበቡ። በሦስተኛው ላይ የተሣለው መርከብ እንቅልፍ ነሣቸው፤ ሆዳቸው ለወዳጃቸው ደስ እንዲለው ቢያዙት እንቢ አለ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ሳያነቡ፣ ጽሑፉን ወደ ታች ደፍተው በየመጽሐፉ ጀርባ ለጠፉት። ለራሳቸውም «ወረቀት አይጣልም» አሉ። የአባቶችን ሕግ የቅናት መሸፈኛ ማድረግ ነውር እንደሆነ አልጠፋቸውም፤ ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

አሁን እርጥብ ጨርቅ በአትላሱ ጀርባ ላይ አኑረው ሙጫው እስኪለሰልስ ጠበቁ። ካርዱ እንደ ቁስል ፋሻ ቀስ ብሎ ተላቀቀ። ቀለሙ ቢደበዝዝም ይነበባል።

«ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ በእኔ ይቀናል፤ እኔ ግን የምቀናው በአንተ ነው። አንድ ወንበር ላይ ረግተህ አንድ ሥራ ትጨርሳለህ፤ እኔ አንድ ቦታ ከቆየሁ የማልረባ ሰው እየመሰለኝ እነሣለሁ። እዚህ ወደብ የተቀዳደዱ የባሕር ካርታዎች ሞልተዋል፤ የሚጠግናቸው የለም። መስኮቱ ወደ ውሃው የሚያይ ክፍል አለኝ፤ ጠረጴዛም አስገብቼልሃለሁ። ና። ምሰሶው ጀርባ አይቼህ ነበር፤ አልተቀየምሁም።»

ጋሽ ስፌት ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መነጽሩ ግን አልቆሸሸም ነበር። ከዚያ ካርዱን ለእህታቸው ልጅ ሰጥተው፣ ሃያ ሁለት ዓመት የደበቁትን ሁሉ ነገሩት። በአትላሱ ጀርባ ንጹሕ ወረቀት ለጠፉ፤ በካርዱ አድራሻም ደብዳቤ ጻፉ፤ በየመጽሐፉ ስለለጠፏቸው ካርዶች እንኳ ሳያስቀሩ።

በአምስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። «ጠረጴዛው አንድ እግሩ ይነቃነቃል እንጂ እንዳለ ነው። ለመሆኑ ካርዶቼን የለጠፍህበት ሙጫ የምን ሙጫ ነው? እዚህ የሚሸጠው አይረባም።»

ጋሽ ስፌት ደብዳቤውን አጥፈው «እሄዳለሁ» አሉ።

«በሞቴ ጋሼ!» አለ የእህታቸው ልጅ እየሳቀ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እርስዎ እኮ ታክሲ ራስዎን የሚያዞርዎት ሰው ነዎት። አይችሉትም።»

«የሚያዞረኝ ታክሲው ሳይሆን የሾፌሩ ዘፈን ነው።»

«እሺ፤ ከመጀመሪያው ፌርማታ ይመለሳሉ። ወንበርዎን አላነሣውም።»

«አታንሣው። አቧራውን ግን ጥረግ።»

አፋቸው እንዲህ ይበል እንጂ «አይችሉትም» የሚለው ቃል እንደ እሾህ ሆዳቸው ውስጥ ቀረ። በዚያ ሳምንት ሻንጣቸውን ሦስት ጊዜ አሰናድተው ሦስት ጊዜ ፈቱት።

በመንገዱ ዕለት አውቶቡስ ተራው ውስጥ ምሰሶው እዚያው ነበር፤ የተቀየረው ቀለሙ ብቻ ነው። እግራቸው ሳያማክራቸው ወደዚያ ወሰዳቸውና ከጀርባው ቆሙ። ረዳቱ «የቀረ ሰው!» እያለ ይጣራል። የእህታቸው ልጅ ሻንጣውን እንደያዘ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ማንም አላየንም። እንመለስ?»

«አንድ ሰው አይቶኛል» አሉ ጋሽ ስፌት። በደረት ኪሳቸው ያለውን ካርድ ዳሰሱ። «የሰፋኸውን አንተው ፍታው» አሉ፤ ለልጁ ሳይሆን ለገዛ ጉልበታቸው። ሻንጣቸውን ተቀብለው የአውቶቡሱን ደረጃ ወጡ። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አዞራቸው፤ ሁለት ጊዜም ተሻላቸው።

ባሕሩ በአትላሱ ላይ ካለው ሰማያዊ ይልቅ ወደ እርሳስ መልክ ያደላ ነበር፤ ደግሞም ዝም አይልም። እግሬ አውጪኝ ምርኩዝ ተደግፎ ጠበቃቸው። «አየህ፣ እግሬም አላወጣችኝ!» ብሎ አቀፋቸው። ጋሽ ስፌት አስቀድመው የጠረጴዛውን እግር አጠበቁ፤ ቀጥለው ክራቸውን በሰም አሹ። የመጀመሪያውን ካርታ ጠግነው ሲጨርሱም ለእህታቸው ልጅ ካርድ ላኩ።

በሦስተኛው ሳምንት መልሱ ደረሳቸው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አነበቡት።

«ጋሼ፣ ይመለሳሉ ብዬ በየማለዳው ለሁለት ሰው የሚበቃ ሙጫ ስበጠብጥ፣ ማታ ግማሹን ስደፋ ሰነበትሁ። ካርድዎ የመጣ ዕለት ሳላነበው እጄ ወደ መቀሱ ሄደ፤ ወረቀት አይጣልም እያልሁ። ያን ጊዜ በራሴ ደነገጥሁ። ‹አይችሉትም› ያልሁዎት የእርስዎን ጉልበት መዝኜ አልነበረም። እኔም ልሄድበት አስቤ የፈራሁት መንገድ አለኝ፤ እርስዎ ከሄዱ ለእኔ ሰበብ እንደማይቀረኝ አውቄ ነው። ካርዱን ሁሉም እንዲያየው ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ተሳስቻለሁ፣ ጋሼ።»