ብርጭቆ ወረቀት የነካው ብሬከር

"እንደገና ለካው!" አለች ኔሬይዳ።

ከላ ሴይባ ከተማ የመጣው ኤሌክትሪሻን ዊልመር የመለኪያውን ወፋፍራም ገመዶች ከትልቁ ብሬከር ላይ ነቅሎ መልሶ አያያዛቸው። የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ማቀዝቀዣ ክፍል ከንጋት ጀምሮ መብራት የለውም። የመንደሩ ሰው ያጠመደው ዓሣ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ የገዢው መርከብ ደግሞ የሚመጣው ነገ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ኔሬይዳ ናት።

"ያው ነው እትዬ ኔሬይዳ። የግራው መገናኛ አርባ ሁለት፣ የቀኙ አርባ አምስት። መሃለኛው ግን ሦስት መቶ አልፏል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ማለፊያ ያጣል። ያን ጊዜ ይግላል።"

"ውሸቱን ነው!" አለ ኤሌውቴሪዮ፣ የሟች ባሏ ወንድም። ማሽኖቹን የሚጠብቀው እሱ ነው። "መሃለኛውማ እንደ መስታወት ነው! ሁለቱ ናቸው ጥላሸት የመሰሉት። እነሱንም ላሻቸው ነበር፤ ብርጭቆ ወረቀቱ አለቀብኝ እንጂ።"

"አሸኸው?" አለ ዊልመር።

"ታዲያስ! ለመንደራችን ቅዱስ በዓል መልሕቅ እንኳ ይወለወላል።"

ዊልመር ዓይኑን ጨፈነ። "ጋሼ፣ ጥቁሩ ምንም አይልም። ላዩ በብር የተለበጠ ነው፤ ቢጠቁርም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። አንተ ብሩን ፍቀህ ጨርሰኸዋል።"



"አዲሱ ብሬከር መቼ ይደርሳል?" አለች ኔሬይዳ።

"ቢፈጥን በሳምንቱ።"

"ለዛሬ ብቻ ብናበራውስ? እስከ ነገ?"

"የማቀዝቀዣው ትልቁ ኮምፕሬሰር ሲነሳ ይቃጠላል። ቤቱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።"

"አብሪው! ልጁ ፈሪ ነው" አለ ኤሌውቴሪዮ። "እኔ አጠገቡ እቆማለሁ።"

"ቆመህ ምን ልትሆን? እፍ ልትልበት?" አለ ዊልመር።

ኔሬይዳ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ሄደች። ከበሩ ሥር ውሃ መውረድ ጀምሯል። ውጭ የተቀመጡት የአጥማጆቹ ሚስቶች አዩዋት። ሁለቱ ነፍሰ ጡር ናቸው፤ የአንዷ ባል ዛሬም ባሕር ላይ ነው። ኔሬይዳ እጇን በሩ ላይ አሳረፈች። ቅዝቃዜው ገና አለ፣ ግን እስከ ነገ አይቆይም። በሩ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ቅዝቃዜው ወጥቶ ዓሣው ለገዢው አይሆንም፤ መርከቡ ባዶውን ይመለሳል፤ ገዢውም ዳግመኛ ፊቱን አያዞርላቸውም።

"ኤሌውቴሪዮ፣ ከየቤቱ ጨው ሰብስብ" አለች።

"ጨው? ዘልዝለሽ ልታደርቂው? አብደሻል እንዴ! የደረቀ ዓሣ ማን በዚያ ዋጋ ይገዛል?"

"ማንም አይገዛም። ግን አይበሰብስም። ቢላዋም ጨምርበት።"

መያዣውን በሁለት እጇ ይዛ በሩን ሳበችው።