ሁለተኛው ብጣት

ዶክተር መስታወት ከአዲስ አበባ ልትደውል የቀጠረችን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። እኔ ግን ከስድስት ሰዓት ጀምሬ ላፕቶፑን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። እኛ ሰፈር ደህና ኔትወርክ የሚገኘው ከግቢው በር አጠገብ ብቻ ስለሆነ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ጀሚል ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ እዚያ ተገትሯል። ላፕቶፑ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከሱ ስልክ ነው።

“አንቺ መምህርት!” አለኝ በመስኮቱ በኩል። “ክንዴ ዛለኮ። ይኸን ጊዜ ባቲ ወርጄ ሁለት በሬ ሸጬ እመለስ ነበር።”

“በሬ የት አለህና?”

“እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።”

ልጄ ኢማን ሳቀች። ዞር ብዬ ቀኝ እጇን አየሁ። አሁን አሁን ከፊቷ በፊት የማየው እጇን ነው።

ኢማን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አምና በጥቅምት ክፍል ውስጥ ሳለች እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ስሟን እንኳ መናገር አቃታት፤ ከዚያ ምንም እንዳልነካት ሆነች። ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ ተመላልሶባታል። በግራ በኩል ለአንጎሏ ደም የሚያደርሰው ዋና ደም ሥር እየጠበበ ነው። ሐኪሞቹ ያሰቡት ለደሙ ሌላ መንገድ መክፈት ነው፤ ከጆሮዋ ፊት ተነስቶ በራስ ቆዳዋ ሥር ወደ ላይ የሚወጣውን ደም ሥር፣ በራስ ቅሏ ላይ በሚከፍቱት ትንሽ መስኮት አስገብተው ከአንጎሏ ደም ሥር ጋር ይሰፉታል። ሁለቱም ከክብሪት እንጨት የቀጠኑ ናቸው።

እስከዚያው ትንፋሿ እንዳይፈጥን ታዘናል። ትኩስ ነገር እፍ አትልም። አትሮጥም። አታለቅስም። ትንፋሽ ሲፈጥን ደም ሥሮቿ ይበልጥ ይጠባሉ። ስለዚህ በቤታችን አይለቀስም። አባቷ ሙህዲን ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ እኔ ልማዱን ቀደም ብዬ ይዤው ስለነበር አልከበደኝም።

ዶክተሯ ደወለች። ሰላምታዋ አጭር ነበር። ወዲያው የኢማን ራስ ስክሪኑ ላይ መጣ፤ ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ከተነሳችው ምስል የተሠራ ነው። ዶክተሯ እንደ ሎሚ ወደፈለገችው አቅጣጫ ታዞረዋለች። መጀመሪያ ቆዳው ታየ፤ ቀጥሎ ቆዳውን አነሳችውና በአጥንቱ ላይ የተዘረጉት ቀያይ ደም ሥሮች ብቻቸውን ቀሩ።

“ፀጉሬስ?” አለች ኢማን።

“ፀጉር እዚህ ላይ አይታይም።”

“አልሃምዱሊላህ! ዛሬ አላበጠርኩም።”

ዶክተሯ ፈገግ ብላ ምስሉን ወደ ግራ አዞረችው። “እዚህ ጋ ተመልከቱ። ከጆሮ ፊት የሚነሳው ደም ሥር ሁለት ቅርንጫፍ አለው። የኋለኛው ወደ ላይ ይሄዳል። የፊተኛው ግን እዚህ ቁርጥ ይላል። በቀኝ በኩል ሙሉ ነው፤ በግራ ብቻ ነው እንዲህ የሆነው። ባለፈው ራሷ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ያውቃል ወይ ብዬ ስጠይቅዎ የለም ብለውኛል።”

ብያለሁ። ቃሉ መሸሻ ሆነኝ። ሰንበቴ ከተማ ያለችው የባህል ሐኪም አዮ ረቢአ የምትሠራውን ቀዶ ጥገና የሚል ሰው በእኛ አገር የለም። መብጣት ነው የሚባለው። ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ፤ የተጠየቅኩት ምን እንደሆነ በደንብ ገብቶኝ ነበር።

እስክሪብቶው ከእጇ ከመውደቁ በፊት፣ ገና ራስ ምታት ሲጀምራት፣ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈው ጀሚል “ሆስፒታል ውሰጃት” ብሎኛል። እኔ ደግሞ ሙህዲንን ባስገባሁበት በር ሌላ ሰው ይዤ ለመግባት እግሬ እምቢ አለኝ። እሁድ ቀን ገበያተኛ መስለን ሰንበቴ ሄድን። ከኢማንና ከእኔ በቀር ያወቀ የለም።

“ተበጥታለች” አልኩ። “በምላጭ። ለራስ ምታት ተብሎ።”

ዶክተሯ የተቆረጠውን ቦታ አጉልታ አየችው። “እሺ። የፊተኛው ሄዷል ማለት ነው። ደግነቱ እኔ የፈለግኩት የኋለኛውን ነው።” በደም ሥሩ ላይ ቢጫ መስመር አሰመረች። “ቆዳውን የምከፍተው በዚህ መስመር ነው። እዚህ መሃል ላይ ቀጠን ይላል፤ ምናልባት ምስሉ ሲነሳ ራሷን አንቀሳቅሳ ይሆናል።”

“አልተንቀሳቀስኩም” አለች ኢማን፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ስክሪኑ ደረቀ። የዶክተሯ አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

“ጀሚል!”

“ምን ላድርግ፣ ዛፍ ላይ ልውጣ?”

ኢማን ክንዴን ያዘች። “ኡሚ፣ ሁለት ቦታ ነበር የተበጣሁት።”

“አውቃለሁ።”

“ንገሪያታ።”

“ብነግራትና ብትተወውስ?”

የፈራሁት ይህንኑ ነበር። አንዱን ደም ሥር አጥፍቻለሁ፤ ሁለተኛውንም ካጠፋሁት የሚሰፋ ነገር አይኖርም። ዝም ብል ደግሞ ቢጫው መስመር እንደተሰመረ ይቀራል፣ ሐሙስ ለቀዶ ጥገናው ሆስፒታል እንገባለን፣ ዶክተሯ በዚያው ላይ ትቆርጣለች።

“ሂን ሶዳቲን” አለችኝ ኢማን። አትፍሪ ማለቷ ነው፤ አባቷ በኦሮምኛ እንደሚለው አድርጋ።

ስክሪኑ ተንቀሳቀሰ። “ይሰማል?” አለች ዶክተሯ።

“ይሰማል። ዶክተር፣ ሌላም ብጣት አለ። ከጆሮዋ በላይ፣ ፀጉሯ ውስጥ።”

“አሁን ነው የሚነግሩኝ?”

“አዎ፣ አሁን ነው።”

“ያሳዩኝ።”

ኢማን ሻሿን አወረደች። ፀጉሯን ከፈልኩት። የገብስ ፍሬ የምታህል ጠባሳ ናት። ካሜራው ፊት ስናስጠጋት ዶክተሯ ወደ ምስሉ፣ ከምስሉ ወደ ጠባሳው ደጋግማ አየች። ጠባሳው መስመሩ ላይ ነበር፤ ልክ ደም ሥሩ በቀጠነበት ቦታ።

“ሁለት ጣትዎን ከጠባሳው በታች ያኑሩ። አውራ ጣትዎን አይጠቀሙ፤ የራስዎን ትርታ ይሰማሉ። አገኙት?”

“አገኘሁት።”

“አሁን በሌላው እጅዎ ከጠባሳው በላይ ይፈልጉ።”

አጣሁት። ጣቴን አነሳሁ፣ መለስኩ። ኢማን በአፍንጫዋ ቀስ ብላ እየተነፈሰች በልቧ ትቆጥራለች፤ እንደዚያ እንድታደርግ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጣቴን ትንሽ ወደ ኋላ ሳስጠጋው፣ ከቆዳው ሥር አንድ ነገር ቀስ ብሎ ነካኝ። ደገመ።

“አለ። ደካማ ነው፣ ግን አለ።”

“ጥሩ። አሁን የታችኛውን ጠበቅ አድርገው ይጫኑ። የላይኛው ምን ሆነ?”

ተጫንኩ። ከላይ ባለው ጣቴ ሥር ምንም የለም። ጠበቅኩ። የምለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ ሙህዲን በሞተበት ሌሊት፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ነርሷ ስለ ልቡ የነገረችኝ ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰዓት እንኳ ስናገር ሌላ ቃል እፈልጋለሁ።

“ቆመ” አልኩ።

“ቆመ?” አለች ዶክተሯ፣ ወንበሯ ላይ ቀና ብላ። “እርግጠኛ ነዎት? ይልቀቁትና ይድገሙት።”

ለቀቅኩ፤ መጣ። ተጫንኩ።

“ቆመ።”

“እንግዲያ ደሙ ወደ ላይ የሚሄደው በራሱ መንገድ ነው። አልተቆረጠም ማለት ነው፤ ጠባሳው ነው ያጠበበው።” ቢጫውን መስመር አጠፋችና ጠባሳውን በጎን የሚያልፍ ሌላ መስመር አሰመረች። “ጠባሳው ደም ሥሩን ከቆዳው ጋር ያጣብቀዋል። በቀድሞው መስመር ብከፍት ኖሮ ቆዳ ነው ብዬ ደም ሥሩን እቆርጠው ነበር። ገባዎት?”

“ገብቶኛል።”

“ሐሙስ ጠዋት አስገቧት። ቃል አልገባም። ከፍቼ በጣም ቀጭን ሆኖ ካገኘሁት ሌላ ዘዴ አለ፤ እሱ ግን ውጤቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። እሷ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ ያላት አይመስለኝም።”

ጥሪው እንዳበቃ ጀሚል ክንዱን እያሸ ገባ። እኔን አየ፣ ኢማንን አየ።

“ምን አለች? ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የምትተያዩት?”

“ደህና ነው” አለች ኢማን ፈጠን ብላ። “ሕፃን ሆኜ ወድቄ የተፈነከትኩበት ቦታ አስቸግሯት ነው።”

ጀሚል ስለ እሷ የሚያውቀውን ሁሉ አንድ በአንድ እያሰበ መሆኑ ከፊቱ ያስታውቃል። ኢማን ሕፃን ሆና በትከሻው ተሸክሞ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ወድቃ አታውቅም።

“አልወደቀችም” አልኩ። “ሰንበቴ ወስጄ ራሷን በምላጭ ያስበጣኋት እኔ ነኝ። ሁለት ቦታ። ሆስፒታል ውሰጃት ያልከኝ ሳምንት ነው።”

ጀሚል አልተቀመጠም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

“ሐኪሟ አውቃለች?”

“ነገርኳት።”

“ታዲያ ለኔ መነገሩ ምን ያደርጋል? ምላጩን ሐሙስ የምትይዘው እሷ ናት።” ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰና፣ እኔን ሳያየኝ፣ “ረቡዕ ከንጋቱ በአሥራ አንድ ሰዓት እንነሳለን። ልብሷን አዘጋጂ” አለኝ።